ቢራውም የተጠመቀው ጓዳ ውስጥ ነበር

ሰሞኑን የአሜሪካን 250ኛ ዓመት ምክንያት አድርጎ የቀረበ አንድ የአማርኛ የዩቲዩብ ውይይት አየሁ። ወሬው ስለ ድሮዎቹ አሜሪካኖች የቤት ውስጥ ኑሮ ነበር። አጀማመራቸው ጥሩ ነበር። ከዚያ ነገሩ ወደ ቢራ ዞረና እንግዳው እንዲህ አሉ፦ «መሥራች አባቶቹ ሁሉም ጠማቂዎች ነበሩ። ዋሽንግተን በገዛ እጁ ነበር የሚጠምቀው። ውሃው መርዝ ስለነበር ሌላ ምርጫ አልነበራቸውም።» አቅራቢዋ «ሴቶቹስ?» ብላ ጠየቀች። መልሳቸው አጭር ነበር፦ «ሴቶቹማ ጓዳ ነበሩ።»

አዎ፣ ጓዳ ነበሩ። ቢራውም የሚጠመቀው እዚያው ነበር።

ይህን ከፈረንጅ ብሰማው ያን ያህል አልናደድም። ያበሳጨኝ ከእኛ ሰው መስማቴ ነው። እኛ አገር ጠላ ማን እንደሚጠምቅ የማያውቅ የለም። ጋኑን በግራዋ አጥባ በወይራ የምታጥነው፣ ብቅሉን የምታሰጣው፣ ጌሾውን የምትወቅጠው ማን እንደሆነች ሰውየውም ያውቃሉ። አባወራው ለመጣው ሁሉ «የቤታችንን ጠላ ቅመሱ» ይላል እንጂ ጠማቂው እኔ ነኝ አይልም። ታዲያ ወሬው ቨርጂኒያ ሲደርስ ይህ ዕውቀት የት ጠፋ?

መጀመሪያ የውሃውን ነገር እናንሳ። ከሁሉም ደካማው እሱ ነው። በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ፣ ኒው ኢንግላንድ በሚባለው አካባቢ ኖሮ የተመለሰ ዊሊያም ዉድ የሚባል እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1634 ባሳተመው ጽሑፍ፣ በዓለም ላይ ከዚያ አገር ውሃ የሚሻል የለም ብሏል። መጥፎ ቢራ ከሚጠጣ ማንም ሰው ውሃውን ይመርጣል ሲልም ጽፏል። ከጥሩ ቢራ ግን አላስበልጠውም አለ። ይህ መርዝ ሸሽቶ ቢራ የሚጠጣ ሰው ንግግር ነው? ቨርጂኒያ ውስጥ የመጀመሪያው የእንግሊዞች ሰፈራ በነበረው በጄምስታውን የወንዙ ውሃ ጨዋማና ቆሻሻ ነበር፤ እሱን አልክድም። ግን በአንድ ወንዝ አገሩን ሁሉ መርዝ ማድረግ አይቻልም። ሰዎቹ ቢራ የጠጡት ቢራ ለምደው ስለመጡ ነው። ለእነሱ ምግብም ነበር። በ1620 በሜይፍላወር መርከብ የመጡት ሰፋሪዎች የሚያርፉበትን ቦታ ሲመርጡ ከእንግዲህ ጊዜ ወስደን መፈለግ አንችልም፣ ስንቃችን በተለይም ቢራችን እያለቀ ነው ብለው ጽፈዋል። ቢራን ከስንቅ ነበር የሚቆጥሩት።

ስንቅ ከሆነ ደግሞ የቤት እመቤት ሥራ ነው። ክርክሩ እዚህ ላይ ሊያልቅ ይችል ነበር። ግን ዋሽንግተን አለ።

ሁሉም የሚመዝዘው ማስረጃ በ1757 ዋሽንግተን በማስታወሻ ደብተሩ የጻፈው የአጠማመቅ መመሪያ ነው። ደብተሩ ዛሬ ኒው ዮርክ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ይገኛል። አንድ ትልቅ የቢራ ኩባንያ በ2018 ይህንኑ መነሻ አድርጎ አዲስ ቢራ ለገበያ አቅርቧል። እስቲ መመሪያውን ራሱን እንየው። አንድ ትልቅ ወንፊት ሙሉ ፉርሽካ ውሰድ። ሆፕስ (እንደ ጌሾ ምሬት የሚሰጥ አበባ) እንደ ጣዕምህ ጨምር። ሦስት ሰዓት ቀቅል። 30 ጋሎን ያህል አጥልለህ ትኩስ እያለ 3 ጋሎን ሞላሰስ (ከሸንኮራ የሚወጣ ጥቁር ወፍራም ሽሮፕ) ጨምርበት። ለብ ሲል እርሾ አግባበት። ብርድ ከሆነ ብርድ ልብስ አልብሰው። 24 ሰዓት ይፍላ፣ ከዚያ በርሜል ውስጥ ይግባ። በተጠመቀ በሳምንቱ ጠርሙስ ውስጥ ይሞላ።

ብቅል የለበትም። ፉርሽካና ሞላሰስ ነው። በየቤቱ የሚጠጣው ቀለል ያለ ቢራ ነው። ጻፈው የተባለው ሰው በዚያን ጊዜ የ25 ዓመት ጎረምሳ ነበር፣ ገና ያላገባ፣ የቨርጂኒያ ጦር አዛዥ። 30 ጋሎን ማለት ከ110 ሊትር በላይ ነው። ኮሎኔሉ 110 ሊትር የፈላ ውሃ ተሸክሞ ሲያጠልል የሚታያችሁ አለ? እኔ አይታየኝም። መመሪያ መጻፍና መጥመቅ ለየቅል ናቸው። ይኸው ዋሽንግተን በጣም የሚወደውን ፖርተር የተባለ ጥቁር ቢራ ፊላዴልፊያ ካለው ጠማቂ ከሮበርት ሄር ይገዛ ነበር። በ1789 ለፈረንሳዊው የጦር ሰው ወዳጁ ለላፋዬት ሲጽፍ ቤቴ የሚገባው ፖርተር አሜሪካ ውስጥ የተሠራው ብቻ ነው ብሎ ኮርቷል። እኔ የጠመቅኩት ነው ግን አላለም።

ቀለል ያለው ቢራ ቶሎ ይበላሻል። ያኔ ማቀዝቀዣ የለም። ስለዚህ በየሳምንቱ፣ በየሁለት ሳምንቱ እንደገና መጠመቅ አለበት። ቨርጂኒያ ላይ ጥሩ ገብስ እንደ ልብ አይገኝም፣ ብቅል ከባሕር ማዶ ይመጣል፣ ውድ ነው። በቆሎው፣ ዱባው፣ ሞላሰሱ ሁሉ የሚሞከረው ለዚህ ነው። እሳቱን የሚጠብቅ፣ እርሾውን ከጥምቅ ወደ ጥምቅ የሚያቆይ ሰው ያስፈልጋል። እርሾው ደግሞ የዳቦም እርሾ ነው። በ1796 አሚሊያ ሲመንስ ባሳተመችው የምግብ አሠራር መጽሐፍ የስፕሩስ ቢራ አጠማመቅ ከኬክና ከዳቦው ጋር አብሮ ነው ያለው። ስፕሩስ ጥድ መሳይ ዛፍ ነው። ሲመንስ 4 አውንስ ሆፕስ፣ 2 ጋሎን ሞላሰስ እያለች ትዘረዝራለች። የጻፈችው ለሴቶች ነው፤ የሚጠምቁት እነሱ ስለነበሩ።

አሁን ወደ ሞንቲቼሎ፣ ቨርጂኒያ ወዳለው የሦስተኛው ፕሬዚዳንት ቤት፣ እንሂድ። ቶማስ ጀፈርሰንን የቢራ አባት የሚያደርጉት ብዙ ናቸው። ባለቤቱ ማርታ ግን በ1772 ጥር ላይ እንደተጋቡ ነው የቤቱን ቢራ ሥራ የያዘችው። በየሁለት ሳምንቱ 15 ጋሎን ገደማ ታስጠምቅ ነበር። በዚያው ዓመት መስከረም ከጀፈርሰን የመጀመሪያ ልጇን ወልዳለች። ነፍሰ ጡር ሆና ነው እንግዲህ ይህ ሁሉ። ሆፕስ የምትገዛው በባርነት ከተያዙት ሰዎች ነበር። በቤት ሂሳብ መዝገቧ ላይ 7 ፓውንድ ሆፕስ በአንድ አሮጌ ሸሚዝ መግዛቷን ጽፋለች። ያ ሆፕስ የአንድ ሰው ላብ ነው። ማርታን ብቻዋን አሞግሶ ማለፍም ስለዚህ አይበቃም። የሚቀቅለውና የሚሸከመው እጅ የእሷ ብቻ አልነበረም።

ማርታ በ1782 ሞተች። ከዓመታት በኋላ፣ በ1813 ግድም፣ ጆሴፍ ሚለር የሚባል እንግሊዛዊ ጠማቂ በአሜሪካና በእንግሊዝ ጦርነት ምክንያት እዚያ አካባቢ ቀረ። ጀፈርሰን ጴጥሮስ ወይም በእነሱ አጠራር ፒተር ሄሚንግስ የሚባለውን ሰው እሱ ዘንድ እንዲማር አደረገ። ፒተር በባርነት የተያዘ ነው። ከዚያ በፊት የቤቱ ዋና ምግብ አብሳይ ነበር። ብቅል ማብቀሉንም መጥመቁንም ተማረ። ገብስ ስለሌለ በስንዴና በበቆሎ ይሠራ ነበር። ጀፈርሰን ከአንድ ቡሽል (35 ሊትር ገደማ የሚይዝ የእህል መስፈሪያ) ብቅል የእሱ ቤት 8 ወይም 10 ጋሎን ብቻ እንደሚያወጣ፣ የገበያ ጠማቂዎች ግን 15 ጋሎን እያወጡ ቢራውን እንደሚያቀጥኑት ጽፏል። በፒተር ሥራ ነው የኮራው።

ሰውየው በጣም የተካነ ስለነበር በ1820 ጀፈርሰን ለቀድሞው ፕሬዚዳንት ለጄምስ ማዲሰን ሲጽፍ ጠማቂያችን ልዩ ብልህ ነው፣ ሰው ላክና ያስተምረው ብሏል። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ የቀድሞው የቨርጂኒያ ገዥ ጄምስ ባርቦር የአጠማመቁን መመሪያ ስጠኝ ብሎ ጠየቀ። የጀፈርሰን መልስ ምን ነበር? መመሪያ የለኝም፤ ብቅል ማብቀልና መጥመቅ ወረቀት አይቶ ሊሳካ መቻሉንም እጠራጠራለሁ።

ይህን መልስ ከዋሽንግተን ደብተር ጎን አስቀምጡት። ከመሥራች አባቶቹ አንዱ ራሱ ወረቀት አይጠምቅም ብሎ መስክሯል። ዕውቀቱ ፒተር ሄሚንግስ ጋ ነበር። እኛ ግን ከ200 ዓመት በኋላ ተቀምጠን ወረቀት የጻፈውን ጠማቂ፣ የጠመቀውን ግን ስም የለሽ እናደርጋለን። ይህ ስህተት ብቻ ሳይሆን በደል ነው። ጀፈርሰን በ1826 ሲሞት በኑዛዜው አምስት ሰዎችን ነፃ አወጣ። ፒተር አልነበረበትም። በ1827 ጨረታ ላይ ነፃ የሆነ ዘመዱ በአንድ ዶላር ገዛው። ከዚያ በኋላ ሻርለትስቪል ውስጥ ልብስ ሰፊ ሆኖ ኖረ።

በከተሞች ወንድ ጠማቂዎች ነበሩ፤ ሮበርት ሄርን ራሴ ጠቅሻለሁ። ግን ውይይቱ ስለ ከተማ ቢራ ፋብሪካ ሳይሆን ስለ ቤት ነበር። ቤት ውስጥ ደግሞ ቢራውን የያዙት እመቤቶች፣ ገረዶችና በባርነት የተያዙ ሰዎች ናቸው። «ሴቶቹማ ጓዳ ነበሩ» ብሎ መዝጋት ይህን ሁሉ ሕዝብ ከታሪክ ማስወጣት ነው።

እኔ የምኖረው ከዋሽንግተን መኖሪያ ከማውንት ቨርነን ሳልርቅ ነው። አሌክሳንድሪያና አካባቢው በሐበሻ የተሞላ ነው፤ ልጆቻችን ከትምህርት ቤታቸው ጋር የዋሽንግተንን ቤት ይጎበኛሉ። እዚያ ባለው የውስኪ መጥመቂያ ይሠሩ የነበሩት ስድስት በባርነት የተያዙ ሰዎች በስማቸው ይታወቃሉ፦ ሃንሰን፣ ፒተር፣ ናት፣ ዳንኤል፣ ጄምስ እና ቲሞቲ። ሙዚየሙ ራሱ የሚናገረውን የእኛ ፕሮግራም የሚዘልበት ምክንያት የለም። የውይይቱ ሁለተኛ ክፍል እንደሚቀጥል ተነግሯል። እንግዳው እዚያ ላይ እርማት ይስጡ፤ የማርታ ጀፈርሰንንና የፒተር ሄሚንግስንም ስም ይጥሩ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅባቸውም።