ኔትወርክ የለም

ማክሰኞ ጠዋት ስልኬ ዝም አለ። የወትሮው ዝምታ አልነበረም። ከላይ እንደ ደረጃ ከፍ ከፍ የሚሉት ሰረዞች የሉም። በቦታቸው አንዲት ትንሽ ኤክስ ተቀምጣለች፤ መምህር የተሳሳተ መልስ ላይ የሚያደርጋት ዓይነት።

መጀመሪያ ያደረግኩት ማንኛውም አዲስ አበቤ የሚያደርገውን ነው። ወደ ባለቤቴ ዞሬ «ያንቺስ?» አልኳት። መብራት ሲጠፋ የጎረቤት መስኮት እንደምናየው ማለት ነው። የጎረቤትም ከጠፋ እፎይ ነው፤ ተመልሶ መተኛት ይቻላል። የኛ ብቻ ከጠፋ ግን ወጪ አለው። ኔትወርክም እንደዚያው ነው። የ12ኛ ክፍል ፈተና ሲደርስ ኢንተርኔት የተዘጋባቸው ዓመታት ትዝ ይሉኛል። ሰው ሁሉ እኩል ነበር። «ለምን አልመለስክልኝም?» ብሎ የሚቆጣ አልነበረም።

«የኔማ ይሠራል» አለችኝ፤ ከስልኳ ቀና ሳትል።

ያኔ ዕቁቡ ትዝ አለኝና ላብ አጠመቀኝ። የሁለት ሳምንት አልከፈልኩም። ሰብሳቢያችን ጋሽ ታደሰ ደግሞ ሰኞ ማታ ደውለው «ነገ እደውልልሃለሁ፤ ስልክህን እንዳትዘጋ» ብለውኛል።

እዚህ ላይ መናዘዝ አለብኝ። እኔ «ኔትወርክ የለም» በምትለው ዓረፍተ ነገር ለዓመታት የኖርኩ ሰው ነኝ። ከዚህ የተሻለ ሰበብ በከተማችን የለም። «አሞኝ ነበር» ካልክ ጠያቂ ብርቱካን ይዞ ይመጣል። «ለቅሶ ነበረብኝ» ካልክ «ማን ሞተ?» ይከተላል። ኔትወርክ ግን ዘመድ የለው፣ ለቅሶ የሚደርሰው የለ። አነጋገሩም ጥበብ አለው። ስልኩን ቀስ ብለህ ከአፍህ ታርቃለህ። «ብሩን... ነገ ጠዋ... ሄሎ? ሄሎ? ይቆራረጣል...» ትላለህ። ሁለተኛው ሄሎ ላይ ትንሽ ቁጣ ትጨምራለህ፤ የተበደልከው አንተ እንድትሆን። ከዚያ መዝጋት ነው።

እና አሁን እውነቱን ልናገር ስል የሚያምነኝ ጠፋ።

ለቢሮ አለቃዬ በባለቤቴ ስልክ ደወልኩና «ስልኬ ኔትወርክ እምቢ ብሎ ነው፤ ከፈለጉኝ በዚህ ይደውሉ» አልኳቸው። «እሺ» አሉ። ረዘም ያለ እሺ ነው። በዚያ እሺ ውስጥ ባለፈው ሐሙስ ከአልጋዬ ሳልወርድ «ሜክሲኮ ደርሻለሁ» ያልኩት ሁሉ አለ።

ከቤት ስወጣ ሕክምናው ተጀመረ። የግቢው ጥበቃ «አጥፍተህ አብራው» አለኝ። አጥፍቼ አበራሁት። ታክሲ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠው ልጅ ሳልጠይቀው ስልኩን ተቀበለኝና ኤርፕሌን ሞድ ከፍቶ ዘጋው። ከኋላ ያለው ደግሞ «ሴቲንግ ግባና ኔትወርኩን በእጅ ፈልገው» አለ። ፈለግነው፤ ታክሲው ሙሉ ፈለግን። ረዳቱ ሳይቀር አንገቱን አስግጎ አየ። የታክሲ ሰው ስለ መልስ አይግባባም፤ ስለ ስልክ ግን እንዲህ ይተባበራል።

ጎረቤቴ እትዬ አልማዝ ቀድመው ሌላ ምርመራ አድርገውልኝ ነበር። «ቅዳሜ ሰርግ ላይ ጠረጴዛ ላይ አጋድመኸው ነበር። ዓይን ነው ልጄ። ጠበል እርጭ አድርግበት።» ራስ መኮንን ስልክ ከውጭ አምጥተው ለዳግማዊ ምኒልክ ሲያቀርቡ ካህናቱ «የሰይጣን ሥራ ነው» ብለው ተቃወሙ ይባላል። ከመቶ ሠላሳ ዓመት በላይ አልፎም እትዬ አልማዝ ነገሩን አልጨረሱትም። እውነቱን ለመናገር ግን የሳቸውም ምክር በነፃ የቀረበ ነው።

ነፃ ያልሆነው ሜክሲኮ ያገኘሁት ነው። አንድ ሰው በጎን ብቻ የሚገባባት የሞባይል ጥገና ሱቅ። ጠጋኙ ወጣት ስልኩን ተቀብሎ ኮከብ፣ መሰላል፣ 06፣ መሰላል ነካ። 15 አሃዝ ያለው የስልኩ መለያ ቁጥር ወጣ። እንደ ራጅ ውጤት ራቅ አድርጎ አየው። ተነፈሰ።

«አይሲው ነው» አለ።

«ሳትከፍተው?»

«ብከፍተውም አይሲው ነው።»

አራት ሺህ አምስት መቶ ብር። አይሲ ምን እንደሆነ አላውቅም። ግን አይሲ ከተባለ በኋላ መከራከር አይቻልም። መኪና ያላቸው ጓደኞቼ ጋራዥ ሄደው ሲመለሱ የሚኖራቸው ፊት በኔ ላይ ሲመጣ ተሰማኝ። «ላስብበት» ብዬ ወጣሁ። ላስብበት ማለት የለኝም ማለት እንደሆነ እሱም ያውቃል።

ቢሮ ስደርስ የሥራ ባልደረባዬ ሰላም ነገሩን ሰምታ «መጀመሪያ ሲምህን ለይ» አለችኝ። ከሰማሁት ሁሉ የመጀመሪያው አእምሮ ያለው ንግግር ነው። የሷን ሲም በኔ ስልክ፣ የኔን በሷ ስልክ እንሞክራለን፤ ጥፋተኛው ይለያል። የሲም ማውጫ መርፌ ግን የት ይገኛል? ሰላም የግራ ጆሮዋን ጉትቻ ፈታች። በዚህች ከተማ ስንት ስልክ በጉትቻ እንደተከፈተ ማን ይቆጥረዋል።

የኔ ሲም ወጣ። ስለሱ ትንሽ ልበል፤ ተራ ሲም አይደለምና። ሞባይል አገራችን የገባው በ1991 ነው። የኔ ሲም ከ1998 በፊት የወጣ፣ ቁጥሮች ሁሉ አሥር አሃዝ ሲሆኑ 0911ን የተቀበለ ነው። 0911 ያለው ሰው ቁጥሩን ሲናገር ድምፁ ይለወጣል። «ዜሮ ዘጠኝ...» ይልና «አሥራ አንድ»ን ረገጥ ያደርጋታል። ርስት ነው። ይህ ርስት መጀመሪያ 25 በ15 ሚሊ ሜትር ነበር። አንድ ጊዜ በጥፍር መቁረጫ፣ አንድ ጊዜ በመቀስ ተከርክሞ አሁን የጥፍር ያህል ቀርቷል። ፎርጂ የሚባል ነገር አያውቅም። «በአዲስ ቀይረው፤ ቁጥሩ እኮ ያው ነው» ያሉኝ ብዙ ናቸው። በ2015 ሁለተኛው የስልክ ድርጅት ሥራ ሲጀምር በ07 የሚጀምር ግዛ ያሉኝም አሉ። እኔ ግን የአባት ጋሻ የሚሸጥ ሰው አይደለሁም።

የሷን ሲም በኔ ስልክ ከተትን። ሰረዞቹ ግጥም ብለው ሞሉ! አይሲው ደህና ነው። ደስታዬን ሳልጨርስ ስልኩ ጮኸ። ከጠዋት ጀምሮ የስልክ ጥሪ ናፍቆኛል። ሳላስብ አነሳሁት።

«ሄሎ!» አልኩ፤ በሙሉ ድምፄ።

ዝምታ።

«ማን ልበል?» አለ አንድ ወንድ። የሰላም ባል ነው።

«ይቅርታ፣ ኔትወርክ ጠፍቶ ነው።»

«ኔትወርክ ከጠፋ እንዴት አነሳኸው?»

ጥያቄው ትክክል ነው። መልስ አልነበረኝም። ሰላም ስልኩን ነጠቀችኝና ኮሪደር ወጣች። «ሲም ስንቀያየር... አይ፣ ሲም ነው ያልኩህ...» ስትል ይሰማኛል። ስትመለስ ጉትቻዋን አደረገች፤ ሲሟን ወሰደች፤ እስከ ማታ ቃል አልተናገረችኝም። የኔ ሲም በሷ ስልክ ላይ ያችኑ ኤክስ አምጥቶ ቁጭ ብሎ ነበር። ጥፋተኛው ተለየ፤ ቅጣቱን ግን ሌላ ሰው ተቀበለ።

ማታ ቤት ስገባ ጋሽ ታደሰ ሳሎን ተቀምጠዋል። ባርኔጣቸው ጉልበታቸው ላይ ነው። ባለቤቴ ቡና አቅርባላቸዋለች። ሁለተኛው ላይ ደርሰዋል።

«ቀኑን ሙሉ ደወልኩ» አሉ።

«ጋሽ ታደሰ፣ ኔትወርክ...»

«አውቃለሁ። የለም።»

«አይ፣ ዛሬስ የምር የለም!»

«ሌላ ጊዜስ?»

ይቺ ጥያቄ አስቀመጠችኝ። አራተኛ ክፍል የምትማረው ልጄ በዚህ መሀል ስልኬን አንስታ ወደ መኝታ ቤት ይዛው ገባች። ከጉትቻው ታሪክ በኋላ ስልኩ ቢሰበርም ግድ አልነበረኝምና ዝም አልኳት። በበሩ ክፍተት አያታለሁ። ሲሙን አውጥታ መዳፏ ላይ አደረገችው። ከደብተር ቦርሳዋ ላጲስ አወጣች። የወርቅ ቀለም ያለውን ፊቱን ፈገፈገችው፤ የሒሳብ ስህተት እንደምታጠፋ፣ ምላሷን ወጣ አድርጋ። ከዚያ እፍ አለችበት።

እኔ እዚህ እየማልኩ ነው። «እመኑኝ፣ ከጠዋት ጀምሮ ሞቷል። ስንት ቦታ ወሰድኩት! አይሲ ነው ተብሏል።»

«አይሲ ምንድነው?» አሉ ጋሽ ታደሰ።

«እኔም አላውቅም። ግን ካላመኑኝ አሁን ይደውሉ! እዚሁ ሆነው ይደውሉ!»

ጋሽ ታደሰ መነጽራቸውን አደረጉ። የድሮዋን ባለ ቁልፍ ስልካቸውን አወጡ። ዜሮን ነኩ፤ ዘጠኝን ነኩ፤ አሥራ አንድን እኔ ከምለው በላይ ረገጥ አድርገው ነኩ። እጄን ደረቴ ላይ አጣምሬ ጠበቅኩ። በሕይወቴ እንደዚያች ደቂቃ በእውነት ተማምኜ አላውቅም።

መኝታ ቤት ውስጥ ስልክ ጮኸ።

«አባዬ! አባዬ ሠራልህ!» ልጄ እየሮጠች መጣች። ስልኩን ወደ ላይ አንስታለች። ማንበብ የቻለች ሰሞን ጀምሮ ያገኘችውን ሁሉ ጮክ ብላ ማንበብ ትወዳለች።

«‹ዕቁብ አታንሳው› የሚባል ሰው እየደወለልህ ነው!»