ሜሪላንድ የፈቀደውን ዋሽንግተን ሲከለክለው

በሜሪላንድ ግዛት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ከቅዳሴ በኋላ አንዲት እናት ጠጋ ብለው ጠየቁኝ። «ወንድሜ፣ ልጄ ሥራ አግኝቷል። ሥራው ግን ካናቢስ የሚሸጥበት መደብር ውስጥ ነው። ሕጋዊ ነው ይለኛል፤ እውነቱን ነው?» ልጃቸው 22 ዓመቱ ሲሆን የያዘው ግሪን ካርድ ነው። እሳቸው የአሜሪካ ዜግነት ሲያገኙ 18 ዓመት አልፎት ስለነበር በእናቱ በኩል ዜጋ መሆን አልቻለም።

ልጁ አልዋሸም። እኔ ግን «አዎ፣ ሕጋዊ ነው» ብዬ ብሸኛቸው ኖሮ እበድላቸው ነበር።

ሜሪላንድ እዚህ የደረሰችው ቀስ በቀስ ነው። ካናቢስን ለሕክምና የሚያቀርበው ሥርዓት የተመሠረተው በ2013 በወጣ ሕግ ሲሆን፣ ሕሙማን ከመደብር መግዛት የጀመሩት በ2017 መጨረሻ ነው (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በኖቬምበር 2022 በተደረገው ሕዝበ ውሳኔ ከመራጩ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ለመዝናኛም ይፈቀድ አለ። ከጁላይ 1 ቀን 2023 ጀምሮ 21 ዓመት የሞላው ሰው እስከ አንድ ተኩል ኦውንስ፣ ማለትም ወደ 43 ግራም ገደማ፣ መያዝ ይችላል። በአንድ ቤት ሁለት ተክል ማሳደግም ተፈቅዷል።

በሕዝበ ውሳኔው ውጤት ደስ ካላቸው አንዱ ነኝ። ዕፁን ስለምወድ አይደለም። በሜሪላንድ ጥቁሮች በካናቢስ ምክንያት የሚታሰሩት ከነጮች በእጅጉ በሚበልጥ መጠን ነበር፤ የእኛም ልጆች በፖሊስ ዓይን ጥቁር ናቸው። አገረ ገዥው ዌስ ሙር በሰኔ 2024 ከ175,000 ለሚበልጡ የካናቢስ ጥፋተኝነት ፍርዶች ይቅርታ ሲያደርጉ ትክክል ሠርተዋል እላለሁ።

ነገር ግን ያ ይቅርታ ዜግነት የሌለውን ሰው ከኢሚግሬሽን ሕግ አያድነውም። የአገረ ገዥ ይቅርታ አንዳንድ ወንጀሎችን ከአገር የማስወጣት ምክንያት ከመሆን ሊያስቀራቸው ይችላል፤ የአደንዛዥ ዕፅ ጥፋት ግን ከእነዚህ ውስጥ አይደለም። ዜጋ የሆነው ጎረቤት ከመዝገቡ ላይ ሸክም ሲወርድለት፣ በተመሳሳይ ጥፋት የተፈረደበት ባለ ግሪን ካርድ ሸክሙ እንዳለ ነው።

ምክንያቱ ይህ ነው። የፌዴራሉ መንግሥት በ1970 ባወጣው ሕግ ካናቢስን ጥብቅ ቁጥጥር ከሚደረግባቸው ዕፆች ጋር መድቦታል። ከከባዱ ምድብ ዝቅ ለማድረግ በ2024 ሂደት ተጀምሯል፤ ምድቡ ዝቅ ቢል እንኳ ከቁጥጥሩ ዝርዝር አይወጣም። የኢሚግሬሽን ሕግ ደግሞ የሚጠይቀው ዕፁ በዝርዝሩ ውስጥ መኖሩን እንጂ በስንተኛው ምድብ እንዳለ አይደለም። ዜግነት፣ ግሪን ካርድ፣ ቪዛ፣ ሁሉም በፌዴራል መንግሥት እጅ ነው፤ የሜሪላንድ ምክር ቤት በዚህ ላይ አንዲት ቃል የመጨመር ሥልጣን የለውም።

ይህ ነገር ለእኛ እንግዳ ሊሆን አይገባም ነበር። ጫትን ያየ ሰው ያውቀዋል። አወዳይ ላይ በጠራራ ፀሐይ የሚሸጠው ቅጠል ዋሽንግተን አጠገብ ባለው ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ሻንጣ ውስጥ ቢገኝ የፌዴራል ጉዳይ ይሆናል። ያኔ ሁላችንም «እዚህ ክልክል ነው» እንባባላለን። በካናቢስ ላይ የሚያሳስተን ሁለቱ ሕጎች በአንድ ጎዳና ላይ መኖራቸው ነው። መካከላቸው ባሕር የለም።

ቅጣቱ እንዴት እንደሚመጣ በዝርዝር መናገር ያስፈልጋል፤ ብዙ ሰው ካልታሰርኩ ምን ይመጣብኛል ብሎ ያስባልና። በኢሚግሬሽን ሕግ አንድ ሰው ሳይከሰስና ሳይፈረድበት፣ ድርጊቱን በራሱ አንደበት ማመኑ ብቻ ወደ አገር እንዳይገባ ለመከልከል ሊበቃ ይችላል። ባለ ግሪን ካርዱ አዲስ አበባ ቤተሰብ ጠይቆ ሲመለስ የድንበር ሹም ስልኩን ሊፈትሽ፣ ፎቶውን አይቶ ሊጠይቀው ይችላል። ዜግነት ሲያመለክትም በመሐላ ይጠየቃል። የዜግነትና የኢሚግሬሽን አገልግሎት መሥሪያ ቤት በኤፕሪል 2019 ባወጣው መመሪያ፣ ከካናቢስ ጋር የተያያዘ ድርጊት በግዛቱ ሕግ የተፈቀደ ቢሆንም «መልካም ሥነ ምግባር» የሚለውን መስፈርት ሊያሳጣ እንደሚችል በግልጽ አስፍሯል። ሕጉ የሚያውቀው ጠባብ ምሕረት ለራስ ፍጆታ እስከ 30 ግራም አንድ ጊዜ ለያዘ ሰው ነው። ሜሪላንድ የፈቀደችው 43 ግራም መሆኑን ልብ ይሏል።

የሕክምና ካርድም ከዚህ አያስጥልም። የካንሰር ሕመም ያቃጠላት እናት በሐኪም ፈቃድ ብትወስድም በፌዴራል ሕግ ፊት ያው ናት። ይህን ስጽፍ ያመኛል፤ ሕግ ሆኖ ሳለ ጭካኔ ነው።

የዚያ ወጣት ጉዳይ ደግሞ ከተጠቃሚው ይከፋል። መሸጥ፣ ማሸግ፣ ገንዘብ መቀበል በፌዴራል ዓይን ዝውውር ነው፤ ለሻጭ የ30 ግራሙ ምሕረት አይደርስም። በ2019 ኮሎራዶ ውስጥ በፈቃድ በሚሠሩ የካናቢስ ድርጅቶች የተቀጠሩ ሁለት ስደተኞች በዚሁ ምክንያት ዜግነት ተከልክለው የዴንቨር ከንቲባ ለፌዴራሉ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ደብዳቤ ጽፈው ነበር። ሁለቱም የሠሩት ግዛቱ የፈቀደውን ሥራ ነው።

ከባድ መኪና የሚነዱ ወንድሞቼንም ልጨምር፤ ይህ ዜጋ የሆኑትንም ይመለከታል። የፌዴራሉ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት የግዛትን ፈቃድም ሆነ የሕክምና ካርድን እንደ ምክንያት አይቀበልም። በምርመራ የተገኘበት ሾፌር ስሙ በፌዴራሉ የሾፌሮች መዝገብ ይገባል፤ ከኅዳር 2024 ጀምሮ ደግሞ እንደገና ለመንዳት የተቀመጠውን ሂደት እስኪጨርስ ድረስ የሲዲኤል (የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ) መብቱን ይነጠቃል። ቅዳሜ ማታ የወሰደው ከሳምንታት በኋላ በሽንቱ ሊገኝ ይችላል።

ይህን ሁሉ ለእናቲቱ በአጭሩ ነገርኳቸው። ዝም ብለው ቆዩና «ታዲያ ለምን በሩ ላይ አይጽፉትም?» አሉኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የምጠይቀው ይህንኑ ነው። ሜሪላንድ ከእያንዳንዱ የመዝናኛ ሽያጭ መጀመሪያ 9 በመቶ፣ ከጁላይ 2025 ወዲህ 12 በመቶ ግብር ትሰበስባለች። የሞንትጎመሪ ካውንቲ የትምህርት ቤትና የክትባት ማስታወቂያ በአማርኛ ይወጣል፤ ስለዚህ ተርጓሚ ጠፋ አይባልም። «የአሜሪካ ዜጋ ካልሆኑ ይህን መግዛትም ሆነ እዚህ መቀጠር የኢሚግሬሽን ጉዳይዎን ሊጎዳ ይችላል» የሚል አንድ ዐረፍተ ነገር በየመደብሩ በርና በየቅጥር ቅጹ ላይ በአማርኛ፣ በስፓኒሽ፣ በፈረንሳይኛ ይለጠፍ። ሙሉው መፍትሔ ኮንግረስ የኢሚግሬሽን ሕጉን ሲያሻሽል ነው፤ ማስታወቂያ መለጠፍ ግን ኮንግረስን አይጠብቅም።

በእኛም በኩል ነውር ነው ብለን ዝም ማለታችን ይብቃ። ስለ ካናቢስ በማኅበርና በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ስለማይወራ ወጣቱ የሚሰማው ከመደብሩ ማስታወቂያ ብቻ ነው። ቀድሞ የተጠቀመ ወይም የሠራ ሰው የዜግነት ቅጹን ከመሙላቱ በፊት፣ ከአገር ከመውጣቱም በፊት፣ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያማክር። በመሐላ መዋሸት ራሱን የቻለ ጥፋት ስለሆነ መደበቅ መውጫ አይሆነውም።

የሜሪላንድ ምክር ቤት በየዓመቱ በጃንዋሪ አናፖሊስ ላይ ተከፍቶ 90 ቀን ይቀመጣል። ሲልቨር ስፕሪንግና አካባቢው የምትኖሩ መራጮች፣ ለተወካዮቻችሁ ቢሮ ደውሉና ስለዚያ አንድ ዐረፍተ ነገር ጠይቋቸው።