ይድረስ ለክቡር «ባለ 1000 ክር» የሆቴል አንሶላ

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ሌሊቱን ከእርስዎ ጋር ስታገል ከማደሬ በቀር ደህና ነኝ።

ካስታወሱኝ፣ ኮምቦልቻ ላይ የመሸብኝ የደሴ ሰው ነኝ። ወደ ደሴ የሚያስወጣውን የሐረጎን ዳገት በጨለማ መውጣት ስለማልወድ ነው እጅዎ የገባሁት። እንግዳ የምትቀበለው ልጅ «አብሽር ጋሼ፣ ቪአይፒ ክፍል ነው፤ አንሶላው ራሱ ባለ 1000 ክር ነው» አለችኝ። ለእርስዎ ክብር ብዬ 300 ብር ጨመርኩ።

ምን ዋጋ አለው፣ እርስዎ ፌስታል ነዎት። በዚያ ሙቀት ላቤን አንዲት ጠብታ እንኳ አልመጠጡም፤ መልሰው ጀርባዬ ላይ ለጠፉልኝ። ስገላበጥ ደግሞ ተከትለውኝ ይመጣሉ። ደረትዎ ላይ የተኮለኮሉትን የክር እንክብሎች እንደ ሙስበሃ ስቆጥር አደርኩ። የጥጥ እንክብል እኮ ሲቆይ ተበጥሶ ይረግፋል። ፖሊስተር ግን ክሩ ጠንካራ ስለሆነ ይዞት ይቀራል።

አሁን ወደ 1000ው እንምጣ። የሸማኔ ልጅ መሆኔን አልነገርኩዎትም መሰለኝ። ቆጠራው እኮ በአንድ ኢንች ካሬ ውስጥ ያለው ድርና ማግ ተደምሮ ነው። ሁለት ሳንቲም ተኩል በሁለት ሳንቲም ተኩል በሆነች ቁራጭ ውስጥ 1000 ክር በየት በኩል ይገባል? ከ400 እና 500 በኋላ እኮ ቦታው ይጠባል። ዘዴዎን ደርሼበታለሁ፦ አራት ቀጫጭን ክር ይገመዳል፤ ያ አንዱ ግምድ አራት ተብሎ ይቆጠራል። 250 የነበረው 1000 ሆኖ አረፈው። አባቴ በዚህ ሂሳብ ቢሄድ ኖሮ፣ ጋቢ አራት እጥፍ ነውና፣ አንዱን ጋቢ ለአራት ሰው ይሸጠው ነበር።

ቃጫው ረጅም የሆነ ጥጥ በደንብ ከተፈተለ 200 እና 300 ክር ይበቃል። አንዱ በላይ አንዱ በታች እየሆነ የተሸመነው ደግሞ ቀዝቀዝ ስለሚል ለኮምቦልቻ ሰው እሱ ነበር የሚሻለው።

ንጋት ላይ ከጫፍዎ የተንጠለጠለች ክር መዝዤ በክብሪት ለኮስኳት። ጥጥ ቢሆኑ እንደ ወረቀት ነደው አመድ ይሆኑ ነበር። እርስዎ ቀልጠው ጥቁር ዶቃ ሆኑ። ሽታዎን አላነሳም።

ደግሞስ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ያለበት ከተማ መጥተው ስለ ክር መዋሸት! ለቀባሪው አረዱት ማለት ይሄ ነው።

ለደሴ ብርድ የያዝኩትን የአባቴን ጋቢ አንጥፌ ተኛሁ። እርስዎን አጣጥፌ ወንበሩ ላይ አስቀምጬዎታለሁ። አለመጨማደድዎን ግን አልክድዎትም።

አክባሪዎ፣
የ12 ቁጥር ክፍል እንግዳ

ማስታወሻ፦ የትራስ ልብሱ ዘመድዎ መሆኑን ጉንጬ ነግሮኛል። ሰላም ይበሉልኝ።