ለአገልግሎት የምንልካቸውን ልጆች ሁለት ሁለት አድርገን እንላክ

ከጎንደር ተነስቶ ባሕር ማዶ ለአገልግሎት የሄደ ወጣት ዲያቆን ገናን ሁለት ጊዜ ብቻውን ያሳልፋል። አንደኛው ዲሴምበር 25 ነው። በእኛ አብዛኛውን ጊዜ ታኅሣሥ 16 ይውላል። ያን ቀን ከተማው ጭር ይላል። ሱቁ ይዘጋል፣ አውቶቡሱ ይቀንሳል፣ ጎረቤቱ ሁሉ ከቤተሰቡ ጋር ይሰበሰባል። እሱ ግን ኅዳር 15 የገባው የነቢያት ጾም ላይ ነው። ሰው አዝኖለት ቢጋብዘው እንኳ ከገበታው ላይ የሚቀምሰው የለም።

ሁለተኛው የራሳችን ልደት ነው። ታኅሣሥ 29፣ በዘመነ ዮሐንስ ደግሞ 28። እነሱ ጃንዋሪ 7 ይሉታል። ያን ቀን ባቡሩም፣ ትምህርት ቤቱም፣ መሥሪያ ቤቱም እንደወትሮው ሥራ ላይ ነው። የሚያገለግላቸው ምእመናንም አብዛኞቹ ሥራ ይገባሉ። አገሩ ሲደግስ እሱ ይጾማል፣ እሱ ሲፈስክ አገሩ ሥራ ይገባል።

ይህን የምጽፈው ልጆቹ አይሂዱ ለማለት አይደለም። ይሂዱ። እዚያ ተወልደው ያደጉ ልጆች አማርኛው ሳይገባቸው ቅዳሴ ላይ ቆመው ይውላሉ፤ የሚያስረዳቸው ሰው ይፈልጋሉ። ከኢትዮጵያ ጋር ምንም የዘር ትስስር የሌላቸው ሰዎችም ቤተ ክርስቲያናችንን ወደዋል። አባ ላእከ ማርያም ማንደፍሮ፣ በኋላ አቡነ ይስሐቅ የተባሉት፣ እ.ኤ.አ. በ1970 ጃማይካ ሄደው ባያስተምሩ ኖሮ ዛሬ እዚያ በስመ ሥላሴ የሚጠመቀው ሕዝብ ከየት ይመጣ ነበር? እንደ እሳቸው ያለ ሰው ደግሞ ከወጣቶቻችን መካከል ነው የሚወጣው። እኔ የምለው አንድ ነገር ነው። ብቻቸውን አይሂዱ።

በሰንበት ትምህርት ቤት ስላደግሁ ብዙ ሽኝት አይቻለሁ። ሽኝት ላይ ጎበዞች ነን። ከበሮው ይመታል፣ መዝሙሩ ይዘመራል፣ ነጠላና መጽሐፍ ቅዱስ ይሰጠዋል። እናቶች በርበሬ፣ ሽሮና በሶ ቋጥረው ሻንጣው አልዘጋ እስኪል ያጭቁለታል። አዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ሚኒባስ ሞልተን እንሸኛለን። ከዚያ ወሬው «ገባ» ይሆናል። አሜሪካ ገባ፣ ካናዳ ገባ፣ ጀርመን ገባ። ለእኛ ታሪኩ እዚያ ላይ ያልቃል። ከማን ጋር ይኖራል፣ ማዕድ የሚቆርሰው ከማን ጋር ነው፣ ቢታመም ማን ውኃ ያቀብለዋል ብሎ የሚጠይቅ አላየሁም።

ባለፈው ልደት ጎረቤቴ ቤት ቡና ተጠርቼ ነበር። ልጇ በአሜሪካ ምሥራቃዊ ክፍል ያገለግላል። ሰዓታቸው ከእኛ በስምንት ሰዓት ወደኋላ ነው። ጎንደር ላይ ሌሊት 9 ሰዓት ገደማ ከቅዳሴ ስንወጣ እዚያ ገና ከምሽቱ 1 ሰዓት ነው። እናት ፈስካ፣ ልጅ ገና ጾሙ ላይ ነው ማለት ነው። ስለዚህ ስልኩ የተደወለው እኛ ጋ ከረፋዱ 5 ሰዓት ላይ ነው። ቶናው እየተቀዳ ነበር። እሱ ጋ ሌሊት 9 ሰዓት ሆኗል፤ ከቤተ ክርስቲያን መመለሱ ነው። እናቱ ስልኩን ወደ መሶቡ አዞረችለት። ድፎውን፣ ዶሮ ወጡን፣ ወለሉ ላይ የተጎዘጎዘውን ቄጠማ አሳየችው።

«በላህ ወይ የኔ ጌታ?»

«በልቻለሁ እማዬ።»

ምን እንደበላ ስትጠይቀው ወሬ ቀየረ። ጃኬቱን አላወለቀም። ከኋላው ያለው ጠረጴዛ ላይ ፌስታልና የስልክ ቻርጀር ብቻ ይታያል። ሕዝቡስ አለችው። ጠዋት ሥራ ስላላቸው ቅዳሴው እንዳለቀ ተበተኑ፣ በዓሉን ቅዳሜ አብረን እናከብራለን አላት። እሱም ኑሮውን የሚደጉምበት የመጋዘን ሥራ አለው፤ ሦስት ሰዓት ብቻ ተኝቶ ሊገባ ነው። ስልኩ ሲዘጋ «ከስቷል» አለች፤ ሌላ አልተናገረችም።

በዚህ ማንንም አልወቅስም። የዚያ አጥቢያ ምእመናን ክፉ ሰዎች አይደሉም። ኪራይ አለባቸው፣ ልጆች አሏቸው፣ አለቃቸው ገናን አያውቅላቸውም። ብዙ ቦታ ሕንፃው ራሱ ከሌላ እምነት ሰዎች የተከራዩት ነው፣ በሰዓት ገብተው በሰዓት ይወጣሉ። ጥፋቱ ያለው አላላካችን ላይ ነው።

ጎንደር እኮ የተማሪ አገር ናት። አቋቋም፣ ማለትም የማሕሌቱን ዜማና ሽብሸባ፣ ሊማር ወደ በዓታ ቤተ ክርስቲያን የሚመጣው ልጅ ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከሸዋ በእግሩ ይመጣ ነበር። ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ከደጃችን ይቆማል። እሱም እናቱን ትቶ የመጣ ነው፤ በዓልን ከቤቱ ርቆ ነው የሚያሳልፈው። ብቻውን ግን አይደለም። ጎጆው ውስጥ ባልንጀሮቹ አሉ። ታላቁ ታናሹን ያስቀጽለዋል፣ ትምህርቱን ያስደግመዋል። አንዱ ሲታመም ሌላው ለምኖ ያበላዋል። ሲያጠፋ የሚቆጡት፣ ሲከፋው የሚያዩት የኔታ አሉ። በበዓል ደግሞ እናቶች የእሱን ድርሻ ሳያወጡ ዳቦ አይቆርሱም። አያቶቻችን የ12 ዓመት ልጅ ለትምህርት ሲለቁ ይህ ሁሉ ሥርዓት ተዘርግቶ ይጠብቀው ነበር። እኛ የ22 ዓመት ልጅ ውቅያኖስ ስናሻግር ምን ዘረጋንለት?

ሥርዓቱ ደግሞ ከተማሪ ቤትም በፊት የነበረ ነው። ማርቆስ 6፥7 ላይ ጌታ አሥራ ሁለቱን ሁለት ሁለት አድርጎ ላካቸው። ሉቃስ 10፥1 ላይ ሌሎቹንም እንዲሁ ሁለት ሁለት አድርጎ ላካቸው። ብቻውን የላከው የለም። የሐዋርያት ሥራ ላይ ጳውሎስ ከበርናባስ ጋር ወጣ። ሁለቱ በኋላ በማርቆስ ጉዳይ ተከራከሩና ተለያዩ። እዚህ ላይ ቆም ብለን እንይ። ተጣልተውም ቢሆን ብቻውን የሄደ የለም። በርናባስ ማርቆስን ይዞ ወደ ቆጵሮስ ሄደ፣ ጳውሎስ ሲላስን ይዞ ወጣ። በየዓመቱ እንሰብከዋለን። ልጅ ስንልክ ግን አናስታውሰውም።

ሌሎቹ ያስታውሱታል። ጎንደር ከውጭ የመጣ ሚስዮናዊን በበጎ ዓይን አታይም፣ ምክንያትም አላት። በሱስንዮስ ዘመን በኢየሱሳውያን፣ በካቶሊክ ሚስዮናውያን፣ የተነሳ የፈሰሰው ደም ቀላል አልነበረም፤ ፋሲለደስ ያባረሯቸውም በዋዛ አይደለም። እኔም ትምህርታቸውን አልቀበልም። አላላካቸውን ግን ማየት ይቻላል። ስዊዘርላንዳዊው ሚስዮናዊ ሳሙኤል ጎባት እ.ኤ.አ. በ1830 ጎንደር ሲገባ የ31 ዓመት ወጣት ነበር። የላከው የእንግሊዝ የሚስዮን ማኅበር ከባልደረባው ከኩግለር ጋር አጣምሮ ነው ወደ አገራችን ያስገባው። ኩግለር በዚያው ዓመት ማብቂያ ላይ አድዋ ሲሞት ጎባት አጠገቡ ነበር።

የዘመናችንን ካያችሁ ደግሞ ሞርሞኖች የሚባሉት፣ አሜሪካ ውስጥ የተመሠረተው ሃይማኖት ተከታዮች አሉ። ወንዶቹን ከ18 ዓመታቸው ጀምሮ ለ24 ወር ከቤታቸው ርቀው እንዲያገለግሉ ይልካሉ፤ ብዙዎቹንም ወደ ባዕድ አገር። እስከ 2019 ፌብሩዋሪ ድረስ እነዚህ ልጆች ወደ ቤታቸው ስልክ የሚደውሉት በገናና በእናቶች ቀን ብቻ ነበር። አሁን በየሳምንቱ ተፈቅዶላቸዋል። የድሮው ደንብ ለእኔ በጣም ጨካኝ ነው። ግን ያን ጊዜም ሆነ ዛሬ ልጁ ለብቻው አይመደብም። ባልንጀራ ይመደብለታል፤ አብረው ይኖራሉ፣ አብረው ይወጣሉ፣ ገናንም አብረው ይውላሉ። የእኛ ልጅ ስልክ እንደልቡ ነው። ባልንጀራ ግን የለውም።

ሁለት ሰው መላክ ውድ ነው እንደምትሉኝ አውቃለሁ። ቲኬቱ፣ ቪዛው፣ የቤት ኪራዩ ሁሉ እጥፍ ይሆናል። ቪዛ ለአንዱ ተፈቅዶ ለሌላው የሚከለከልበት ጊዜም አለ። እውነት ነው። ግን አንድ ትንሽ አጥቢያ ብቻውን ካልቻለ ሁለት ጎረቤት አጥቢያዎች ይተባበሩ። አንዱ እዚህ ሌላው እዚያ እያገለገለ ሁለቱ ልጆች አንድ ቤት ይኑሩ። ኪራይም ይቀንሳል። ይህም ካልሆነ በዕድሜ የገፋ አንድ ቄስ ወይም አንድ ቤተሰብ በስም ተለይቶ «ይህ ልጅ የእናንተ ነው» ይባል። ለሁሉም የተባለ ልጅ የማንም አይሆንም።

አንዳንድ አባቶች ደግሞ «መናንያን ብቻቸውን በረሃ ይኖሩ የለም ወይ» ይላሉ። ይኖራሉ። መናኙ ግን ብቸኝነትን ፈልጎ፣ በአበ ነፍስ እጅ ተፈትኖ፣ ዓመታት በማኅበር ኖሮ ነው ወደ ዋሻው የሚገባው። ዲያቆናችን ግን ምናኔ አልጠየቀም። አገልግል ተባለ፣ እሺ አለ።

እኛ ቤት ያለነውም አለንበት። ታኅሣሥ ሲገባ የልጁ ስልክ ይጨናነቃል። በግ ስንት እንደገባ የሚነግረው ብዙ ነው። ቅዳሜ ገበያ ዶሮ አልቀመስ እንዳለ ይነግሩታል። የአክስት ልጅ፣ የአጎት ልጅ፣ የክርስትና እናት፣ ሁሉም ለበዓሉ ትንሽ ነገር ይፈልጋል። የሚያገኛት ለራሱም አትበቃ። ሲልክ ይጎዳል፣ ሳይልክ ሲቀር ደግሞ ያፍርና ስልክ ማንሳት ይተዋል። ብቻውን ባለበት ሰሞን የቀረችውን አንድ ገመድ እኛው እንበጥሳታለን። ቢያንስ በልደት ሰሞን ገንዘብ አንጠይቀው። ደውለን ምን በላህ፣ ከማን ጋር ነህ እንበለው።

እዚያ ላሉት ወገኖቼም አንድ ልመና አለኝ። ዲሴምበር 25 ሁላችሁም ዕረፍት ናችሁ። ጾም ነው ብላችሁ ልጁን አትተዉት። ሽሮና ሥልጆ አቅርባችሁ ጥሩት፣ ልጆቻችሁ አጠገቡ ይቀመጡ፣ ዜማ ያስተምራቸው። በጃንዋሪ 7 ሌሊት ደግሞ ከቅዳሴ በኋላ ሳትበተኑ ጸበል ጸዲቅ ይኑር። ከየቤቱ አንዳንድ ድስት ይምጣ። ሥራ የሚገባው ሰው ግማሽ ሰዓት ቆሞም ቢሆን ከልጁ ጋር ይፈስክ። ቅዳሜ የሚከበረው በዓል ጥሩ ነው፤ ጾሙ የሚፈታው ግን ያን ሌሊት ነው።

ለሀገረ ስብከታችንና ለየደብሩ ሰበካ ጉባኤ የምጠይቀው ሁለት መስመር ነው። ለሚሄድ ልጅ የድጋፍ ደብዳቤ ስትጽፉ ለሚቀበለው አጥቢያ ሁለት ጥያቄ ጨምሩ። ከማን ጋር ይኖራል? ልደትን በማን ቤት ይፈስካል? መልሱ በስምና በስልክ ቁጥር ተጽፎ እስኪመጣ ደብዳቤው ማኅተም አይረፍበት። አሁን ውጭ ላሉት ልጆች ደግሞ ሰንበት ትምህርት ቤቶች ዝርዝር ያውጡና ጾመ ነቢያት ከሚገባበት ከኅዳር 15 በፊት ለየአጥቢያው ይደውሉ። የጎረቤቴን ልጅ አጥቢያ የምደውልለት እኔ ነኝ።