ልጁን እናስተምር ወይስ መንገዱን እናስተካክል? የእግረኛና የብስክሌት ክርክር ከጎጃም

ጥያቄው ይሄ ነው። አንድ የጎጃም ከተማ ለእግረኛና ለብስክሌት ነጂ ደህንነት የምታወጣው ጥቂት ገንዘብ ብታገኝ በቅድሚያ ለምን ታውለው? ለሰፈር ፕሮግራም፣ ማለትም ለተማሪ ትራፊክ፣ ለዕድር ቅስቀሳና ለብስክሌት ሥልጠና? ወይስ ለመንገዱ? የሰፈሩን ወገን የያዙት ደብረ ማርቆስ የሚያስተምሩ መምህርት ናቸው። የመንገዱን ወገን የያዙት ደግሞ ባሕር ዳር የሚሠሩ መሐንዲስ። ባሕር ዳር ጎጃም ነው አይደለም የሚለው ለሌላ ክርክር ይቆየን።

መምህርት፦

እኛ ጋ አስፋልቱ የመኪና ብቻ አይደለም። ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር የሚወስደው መንገድ ደጀንን፣ ደብረ ማርቆስን፣ ደንበጫን፣ ፍኖተ ሰላምን፣ ቡሬን፣ ዳንግላን መሃል ለመሃል እየሰነጠቀ ነው የሚያልፈው። በገበያ ቀን አህያው፣ ጤፍ የተሸከመው፣ ተማሪው፣ ባጃጁ፣ አባዱላው፣ ሲኖው ሁሉም እዚያው ላይ ነው። ለዚህ ሁሉ የእግረኛ መንገድ ይሠራ ቢባል ስንት ዓመት ይፈጃል? በጀቱ እስኪለቀቅ ልጆቹ አድገው ይጨርሳሉ። እስከዚያ እጃችንን አጣጥፈን እንቀመጥ?

የተማሪ ትራፊክን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ጠዋት መግቢያ ላይ፣ ከሰዓት መውጫ ላይ ሁለት ተማሪ ምልክት ይዘው ይቆማሉ። አንድ መምህር አብሯቸው ይሆናል። ሹፌሩ ይቆማል፣ ትንንሾቹ ይሻገራሉ። ወጪው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

ብስክሌቱ ደግሞ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። አንድ ቀን ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ የቆሙትን ብስክሌቶች ዞር ዞር ብላችሁ እዩ። የፍሬኑ ጎማ አልቆ ብረቱ ቸርኬውን የሚፍቅ አለ። ጭራሽ የፍሬን ገመድ የሌለውም አለ። ልጁ ቁልቁለት ላይ ምን ያደርጋል? የጫማውን ሶል የኋላ ጎማው ላይ ይጭናል። ፍሬኑ እሱ ነው። ጫማውን ብታዩት አንዱ ሶል ከሌላው ቀድሞ ተበልቷል፣ እናቱ ደግሞ ጫማ አይበረክትለትም ብላ ታማርራለች። ይህን ለማስተካከል መሐንዲስ አያስፈልግም። አንድ የሰፈር ብስክሌት ጠጋኝ፣ ጥቂት የፍሬን ጎማ፣ ከኋላ የሚለጠፍ አንጸባራቂ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት። በቃ።

መሐንዲስ፦

መምህርት፣ ፍሬኑን ተቀብያለሁ። ለእሱ ክርክርም አያስፈልግም፣ ነገ ይጀመር። ሹፌሩ 60 ይዞ ከተማ ሲገባ ግን የልጁ ፍሬን ምን ይፈይዳል?

ሒሳቡ አጭር ነው። በ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የሚሄድ መኪና በአንድ ሴኮንድ ወደ 14 ሜትር ይጓዛል። ሹፌሩ ልጁን አይቶ እግሩ ፍሬን ላይ እስኪያርፍ ደግሞ ቢያንስ አንድ ሴኮንድ ያህል ይሄዳል። በ30 ቢሆን ኖሮ በዚያችው ሴኮንድ የሚጓዘው 8 ሜትር ገደማ ነበር። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን መኪናው ይዞት የሚመጣው ጉልበት አራት እጥፍ ይሆናል። በ30 የተገጨ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ይተርፋል። ከዚያ በላይ በጨመረ ቁጥር የመትረፍ ዕድሉ በፍጥነት ይጠባል። ይሄ በቅስቀሳ የሚለወጥ ነገር አይደለም።

ኮክሬን የተለያዩ ጥናቶችን አሰባስቦ የሚመዝን ዓለም አቀፍ የተመራማሪዎች ድርጅት ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 ያወጣው ግምገማ ለእግረኞች በተሰጠ የደህንነት ትምህርት ላይ የተደረጉ ሙከራዎችን ሰብስቦ መርምሯል። የልጆች እውቀት ይጨምራል። መንገድ አሻጋገራቸውም ሊለወጥ ይችላል። በትምህርቱ ምክንያት ጉዳት ስለመቀነሱ ግን ማስረጃ አላገኘም። ምክንያቱም ልጅ ልጅ ነው። «ግራ ቀኝ አይተህ ተሻገር» የሚለውን በቃሉ ያነበንባል፣ ኳስ ስታመልጠው ግን ይረሳዋል። ያ የሚመጣው መኪና በምን ያህል ፍጥነት እንደሚመጣም በዓይኑ መመዘን ገና አይችልም።

የምፈራው ደግሞ ሌላ ነው። ሕፃኑ በተገጨ ማግስት «ሳያይ ገብቶ ነው» እንላለን። አስተምረነዋላ! አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይሄ ነው። አደጋው ሲደርስ ሁላችንም እንሰበሰባለን፣ ሻማ እናበራለን፣ ትራፊኩ በሜትር ይለካል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

በ2011 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ «መንገድ ለሰው» ተጀመረ። እሑድ መኪና ይዘጋል፣ ሰው በእግሩና በብስክሌቱ ይወጣል። ደስ ይላል፣ አልጠላሁትም። ሰኞ ጠዋት ግን መንገዱ ያው የሲኖ ነው።

መምህርት፦

ኢንጂነር፣ ያንን ግምገማ በደንብ ካዩት ሙከራዎቹ በሙሉ በሀብታም አገሮች የተሠሩ ናቸው። ደሃ አገር ላይ የተሞከረ አንድም አልነበረበትም። ስለዚህ ለደንበጫ «አይሠራም» ብሎ አልፈረደም። ሲሠራ አላየንም ነው ያለው፣ ያየው ደግሞ ሌላ ቦታ ነው።

ደግሞም የሰፈር ፕሮግራም ስል ልጅ ሰብስቦ ማስተማር ብቻ አድርገው ወሰዱብኝ። ሆላንድን ይመልከቱ። ዛሬ በብስክሌት መንገዷ የሚቀኑባት አገር እ.ኤ.አ. በ1971 በትራፊክ አደጋ ከ3 ሺህ በላይ ሰው ሞቶባታል። ከ400 በላይ የሚሆኑት ልጆች ነበሩ። መሐንዲሶቹ በራሳቸው ተነሥተው አይደለም መንገዱን የለወጡት። ወላጆች «የሕፃናት ግድያ ይቁም» ብለው አደባባይ ወጡ፣ መንገድ ዘጉ፣ አላስቀምጥ አሉ። ከዚያ ነው የብስክሌት መንገዱ የመጣው። ያ ምንድን ነው? የሰፈር ፕሮግራም አይደለም?

መሐንዲስ፦

ነው። ግን የጠየቁትን ልብ ይበሉልኝ። «ልጆቻችንን አስተምሩልን» አላሉም። «መንገዱን ቀይሩልን» ነው ያሉት።

መምህርት፦

እሱን ነው የምለው! የሚጠይቅ ሰው ከሌለ መንገድ አይቀየርም። እኛ ጋ ማን ይጠይቃል? ቀበሌ ስብሰባ ላይ ስለ ውሃ እንናገራለን፣ ስለ መብራት እንናገራለን፣ ስለ ዜብራ ግን ማንም ትንፍሽ አይልም። የተገጨ ሰው «ቀኑ ደርሶ ነው» ይባላል። ዕድሩ ድንኳን ይተክላል፣ ንፍሮ ይቀቀላል፣ ሦስተኛው ቀን ላይ ይበተናል። ያ ዕድር የት የት ቦታ ሰው እንደተገጨ ከማንም በላይ ያውቃል። መዝገቡ ላይ የቀበረው ሰው ስም አለ። እዚያው ጎን ቦታው ቢጻፍ በዓመት ውስጥ እርስዎ በገንዘብ የማያስጠኑት ካርታ ይወጣል።

ሰው ሰልችቶት ምን እንደሚያደርግ ደግሞ ታውቃላችሁ። ልጅ በተገጨ ማግስት ድንጋይና አፈር አምጥቶ አስፋልቱ ላይ ጉብታ ይሠራል፣ ወይ ወፍራም ገመድ ያጋድማል። መኪናውም ይቀንሳል።

መሐንዲስ፦

ቀን ቀን ይቀንሳል። ማታስ? ቀለም የሌለው፣ ቀድሞ ምልክት ያልተተከለለት ጉብታ በጨለማ መጀመሪያ የሚጥለው ማንን መሰለዎት? ሲኖውን አይደለም። ያንኑ መብራት የሌለውን ብስክሌት ነው። ጉብታ ልክ አለው። ቁመቱ 10 ሳንቲሜትር ገደማ፣ ከመግቢያው እስከ መውጫው ከ3 እስከ 4 ሜትር፣ ተቀብቶ፣ ከፊቱ ምልክት ቆሞለት። ለዚህ የብዙ ዓመት በጀት አያስፈልግም። ሰው መንገድ ስል ድልድይ ይመስለዋል። አንድ ትምህርት ቤት በር ላይ ሁለት ትክክለኛ ጉብታና አንድ ከፍ ያለ ዜብራ መሥራት የሳምንት ሥራ ነው።

ድልድይ ካነሣን ደግሞ በ2016 ዓ.ም. የተመረቀውን የባሕር ዳሩን አዲሱን የዓባይ ድልድይ ይዩት። 380 ሜትር ነው፣ ለእግረኛና ለብስክሌት መተላለፊያ አብሮ ተሠርቶለታል። እዚያ ላይ የሚሄድ ሰው ሥልጠና ወስዶ አይደለም ከመኪና የተለየው። መንገዱ ነው የለየው። ችግሩ ከድልድዩ ሲወርድ ነው፣ እንደገና ከባጃጅ ጋር መጋፋት ይጀምራል። ሜዳ የሆነ፣ ሕዝቡ ድሮም ብስክሌት የለመደ ከተማ ይዘን ይሄ ያሳፍራል።

እና ሐሳቤ ይሄ ነው። ካለን ከእያንዳንዱ 10 ብር 7ቱ ትምህርት ቤትና ገበያ አጠገብ ያለውን መኪና ወደ 30 ለማውረድ ይዋል። 3ቱን ለፍሬን ጎማና ለአንጸባራቂ ይውሰዱት።

መምህርት፦

7ቱን ይውሰዱ። ጉብታው የት እንደሚደረግ ግን ቢሮ ተቀምጣችሁ አትወስኑም። የዕድሩ መዝገብ ይወስናል።

መሐንዲስ፦

ቦታውን ሰፈሩ፣ ልኩን እኛ። እዚህ ላይ ተስማምተናል። የተማሪ ትራፊኩ ላይ ግን አሁንም አልፈርምም። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ምልክት አስይዞ ሲኖ ፊት ማቆምን ደህንነት ብዬ መጥራት ያቅተኛል። ፍሬን እምቢ ቢለውስ?

መምህርት፦

እንግዲያው አዋቂ ይቁምበት። ደመወዙን ከ7ቱ ይቁረጡልኝ።