ጉንዳን በፖስታ

ማክሰኞ ከሥራ ስገባ ደጃፋችን ላይ አንዲት ትንሽ ሳጥን ተቀምጣለች። «ሕይወት ያላቸው ነፍሳት» የሚል ተለጥፎባታል። 25 ጉንዳን ነው። ልጄ ለልደቷ የጉንዳን ቤት ተሰጥቷት ነበር፤ ሁለት የፕላስቲክ መስታወት፣ መሀሉ አሸዋ። እዚህ አሜሪካ ይሄ ነገር እ.ኤ.አ. ከ1956 ጀምሮ ይሸጣል። ነዋሪዎቹ ግን ለብቻቸው በፖስታ ነው የሚመጡት። ሒሳባቸውም ለብቻው ነው።

እኔ ለጉንዳን ከፈልኩ! በየበጋው ወጥ ቤቴን በነፃ የሚወርሩት እያሉ።

መመሪያው «ከማዛወራችሁ በፊት ለጥቂት ደቂቃ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጧቸው» ይላል። ሲበርዳቸው ይደነዝዛሉ። ይናደፋሉ ስለሚል አልተከራከርኩም። ብልቃጧን ከንጥር ቅቤው አጠገብ አስቀመጥኳት። ከአዲስ አበባ ልትጠይቀን የመጣችው እናቴ ለሽሮው ቅቤ ልታወጣ ፍሪጁን ከፈተች።

«በስመ አብ! ምንድነው ይሄ?»

«ጉንዳን ነው እማዬ። ለልጅቷ ትምህርት ነው።»

ብልቃጧን ወደ መብራቱ አንስታ አየቻት። «ከፍለህ?»

ዝም አልኩ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም።

ይህን ተረት እወደዋለሁ። በልጅነቴ ባውቀው ኖሮ ጆሮዬ ይተርፍ ነበር። አምስተኛ ክፍል እያለን መምህራችን «ሦስት አፅቄ፣ ማለትም እንደ ጉንዳን ያለ ነፍሳት፣ ስንት እግር አለው?» ብለው ጠየቁ። ስድስት ተብሎ ሰሌዳው ላይ ተጽፏል። እኔ ግን ኪሴ ውስጥ፣ በክብሪት ቀፎ፣ ከሜዳ የያዝኩት ፌንጣ ነበረኝ። ከፈት አድርጌ ቆጠርኩ። «አምስት!» አልኩ። ክፍሉ በሳቅ አለቀ፤ ጆሮዬ ተጠመዘዘ። ፌንጣ ሲያዝ እግሩን ጥሎ እንደሚያመልጥ ያወቅኩት ካደግኩ በኋላ ነው። መምህሩ ቀፎውን አንዴ አጎንብሰው ቢያዩ ምን ነበረበት? ከመስኮቱ ውጭ እኮ ሜዳው ሙሉ ፌንጣ ነበር! ሰሌዳው ላይ ግን ስድስት ነው የሚለው፤ በቃ። እስካሁን ይቆጨኛል።

ወደ ጉንዳኖቹ ልመለስ። አሸዋው ውስጥ ገቡ፤ ከሰዓት በኋላ መቆፈር ጀመሩ። አንዱ ከራሱ የምትበልጥ የአሸዋ ፍሬ በአፉ ነክሶ እስከ አፋፉ ይወጣል፣ ይጥላታል፣ ተመልሶ ይወርዳል። እናቴ ወንበር ስባ ከልጄ ጎን ተቀመጠች።

«እናታቸውስ የታለች?»

ልጄ መመሪያውን እያየች አስረዳቻት። ንግሥቲቱን ያለ መንግሥት ፈቃድ ከስቴት ወደ ስቴት መላክ ክልክል ነው። የሚላኩት ሠራተኞቹ ብቻ ናቸው። ንግሥት ከሌለች እንቁላል የለም፤ እነዚህም ጥቂት ሳምንት፣ ቢበዛ ጥቂት ወር ቆፍረው ያልቃሉ።

«ታዲያ ለማን ነው የሚቆፍሩት?» አለች እናቴ።

መልስ አልነበረኝም። በማግስቱ ንጋት 11 ሰዓት ለሥራ መነሳት አለብኝ።

ደግሞስ ስለ ፈቃድ ለእሷ ማን ይነግራታል? ሁለት ጊዜ ቪዛ ተከልክላለች። ሰነድ በፌስታል ሙሉ ይዛ ሄደች፤ መስኮቱ ጋ ያለው ሰውዬ ፌስታሉን እንኳ ሳያስከፍታት «ወደ አገርሽ እንደምትመለሺ አላሳመንሽኝም» አላት። እዚህ ከገባች ጀምሮ እድሬ፣ ዶሮዎቼ፣ የግቢዬ ጌሾ እያለች እንቅልፍ የነሳችኝን ሴትዮ! እንኳን ልትቀር፣ ክረምቱ ሳይወጣ ካልሄድኩ ብላ ሻንጣዋን ሸክፋ ጨርሳለች።

ስለ ልጆች ትምህርት ልጽፍ ነበር የተነሳሁት። ልጄ እየተማረች ነው፤ በደብተሯ ጉንዳን ስላለች፤ እግሩ ስድስት ነው። ማታ ተደርድረን ቆጠርናቸው። እኔ 24 አገኘሁ።

«25 ናቸው» አለች፣ ቀና ሳትል። «መመሪያው ላይ ተጽፏል።»

ደግሜ ቆጠርኩ። 24። እናቴ እኔን አየችኝ፤ ከዚያ ፍሪጁን አየችው። ሽሮው ቀርቧል፤ ቅቤው ላዩ ላይ ያብለጨልጫል።

እኔ እንጀራዬን በጎመን በላሁ።