ምስጢር ቁጥሩን ለገበያ የሚያሰማ ሕዝብ ይመስገን

ጎጃም የቅኔ አገር ነው። የዋሸራ ተማሪ ወርቁን ከሰሙ ሥር ለመሸሸግ ዓመታት ይለፋል፤ የሚሰማውም ወርቁን ለማውጣት ራሱን ይዞ ይቀመጣል። ይህ ሁሉ ልፋት ለምን እንዳስፈለገ ዛሬ ማንም አይገባውም። ቅዳሜ ገበያ መሃል ለቆመ ሰው ወርቁ ያለ ሰም፣ ያለ ክፍያ ይታደላል።

«የኔ ልጅ፣ እስቲ ኮከብ መቶ ሃያ ሰባት መሰላል በልልኝማ። ዓይኔ አያይልኝም። ምስጢሩ አንድ ዘጠኝ አምስት ሁለት ዜሮ ሰባት ነው። ሰማኸኝ? መጨረሻው ሰባት ነው ያልኩህ፣ ሰባት!»

ልጁ ሰምቷል። ጤፍ ሰፋሪዋም ሰምታለች። አህያ የሚጭነው ሰውዬ ደግሞ ጆሮው ትንሽ ስለሚከብደው «ስንት አሉ?» ብሎ ጠየቀ፤ ተነገረው። እንዲህ ያለ ግልጽነት የትም አይገኝ!

ቴሌብር ግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ስድስት አሃዝ ያለውን ምስጢር ቁጥር ባለቤቱ ብቻ ይወቀው ብሎ ነበር የመጣው። አገሩን ስላላወቀ ነው። ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ተብሎ ባደገ ሕዝብ ዘንድ ብቻውን የሚያውቀው ቁጥር መያዝ ነውር ነው።

ደግሞም በኮከብና በመሰላል (በ* እና በ#) የሚከፈተው አሠራር ራሱ ለዚህ ደግነት የተመቸ ነው። በስልክ መተግበሪያ ላይ ምስጢር ቁጥር ሲጻፍ በነጥብ ይሸፈናል፤ ለቴሌብር *127#፣ ለንግድ ባንክ *889# ተብሎ በሚመጣው ሳጥን ላይ ግን አብዛኛው ስልክ ቁጥሩን እንዳለ ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። ሲጮኽ ያልሰማ፣ አንገቱን ሰገግ አድርጎ ማየት ይችላል። ሳጥኑ ደግሞ ብዙ አይታገስም፤ መልስ ከዘገየበት ይዘጋና ከ*127# እንደገና መጀመር ነው። በዚህ አጋጣሚ ቁጥሩ ለሁለተኛ ጊዜ ይነገራል፤ ዘግይቶ የደረሰ ገበያተኛም አይቀርበትም። ካርድ ሞይዎችም ከዚህ አያንሱም። ካርዱን ፍቀው ቁጥሩን እንደ አዋጅ ጮክ ብለው ያነቡታል። ካርድ የፋቂው ሳይሆን *805* ብሎ ቁጥሩን ቀድሞ ያስገባው እና በመሰላል የዘጋው ሰው ነውና፣ እጁ የፈጠነ ጎረቤት ተመርቆ ይሄዳል።

በዚህ ሁሉ መካከል ጥቂት ንፉጎች አሉ። ንፉግ ሰው ልጁን እስከ ምስጢር ቁጥሩ ሳጥን ድረስ ብቻ ያስመራዋል። ሳጥኑ ሲመጣ «አምጣው» ብሎ ስልኩን ይቀበላል፣ ጀርባውን ያዞራል፣ ስድስቱን አሃዝ ራሱ ነክቶ ከላከ በኋላ ይመልስለታል። ኮከብ እየሰካ ምስጢሩን ጭምር በአንድ ረጅም መስመር አይደውልም፤ የተደወለው ሁሉ ከጥሪ ዝርዝሩ ውስጥ ተጽፎ እንደሚቀር ያውቃላ! እንዲህ ያለውን ሰው ገበያው «ምን ደብቆ ነው?» እያለ ያየዋል።

ከማሽን ጋር የሚደረገው ጨዋታም ሳይመሰገን አይታለፍም። ወደ ኢትዮ ቴሌኮም ደንበኞች አገልግሎት 994 ወይም ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ተደውሎ የተቀዳችው ሴት «ለአማርኛ ይህን ይጫኑ» ስትል፣ የጎጃም ሰው ጨዋ ነውና ዝም አይላትም። «ኧረ አማርኛ ነው እቴ! ሌላ ምን ቋንቋ አውቄ!» እሷ ትደግማለች። «አማርኛ እኮ ነው ያልኩሽ፤ ደኅና አይደለሽም እንዴ?» ሦስተኛ ጊዜ ደግማ ስልኩ ሲዘጋ «ኩሩ ናት» ይባላል።

ማሽኗ ቃል አትሰማም፤ የምትሰማው የቁልፍ ድምፅ ነው። እያንዳንዱ ቁልፍ ሁለት ድምፅ በአንድነት አለው፦ ኮከብ 941 እና 1209 ኸርዝ፣ መሰላል 941 እና 1477 ኸርዝ። እ.ኤ.አ. በ1963 ባለ ቁልፍ ስልክ አሜሪካ ገበያ ላይ ሲወጣ ሁለቱም አልነበሩበትም፤ በ1968 ነው ከዜሮ ግራና ቀኝ የተሰኩት። በሞባይል ደግሞ ስልኩ የሚልከው ድምፁን ሳይሆን የትኛው ቁልፍ እንደተነካ የሚገልጽ መልእክት ነው፤ ድምፁን የሚያወጣው ኔትወርኩ ነው። ጆሯችን የሚሰማው «ጢጥ» ለእኛ ማጽናኛ ነው ማለት ይቻላል። ስለዚህ መስታወቱ እስኪሰነጠቅ መጫን ምንም አይጨምርም። በአፍ «ጢጥ» ማለትም አይሠራም። የሌላ ስልክ ቁልፍ ከማውሪያው አጠገብ አስጩኾ ማሰማትም፣ ድምፃችንን አጭቆ የሚልከው የሞባይል መስመር ስለሚያበላሸው፣ ዕድል ካልቀና አይሳካም። ይሁን እንጂ ሦስቱንም የሚሞክሩ አሉ፤ ተስፋ አለመቁረጣቸው ይመስገን።

ንፉጉ እዚህም አለ። ስልኩን ከጆሮው ያነሳል። ከማዳመጫው አጠገብ ያለችው ትንሽ ዳሳሽ ጉንጩ መራቁን ስታውቅ የጠቆረው ስክሪን ይበራል። የቁጥር ገበታውን ምልክት ይነካል፤ ኮከብ ከታች በግራ፣ መሰላል ከታች በቀኝ ይመጣሉ። የሒሳብ ወይም የደንበኛ ቁጥር ሲጠየቅ አስገብቶ በመሰላል ይዘጋል፤ ማሽኗ ርዝመቱን በማታውቀው ቁጥር ላይ «ጨረስኩ» የምንላት በመሰላል ነው። ያልዘጋ ሰው እሷም ትጠብቀዋለች፣ እሱም ይጠብቃታል። ስክሪኑ አልበራ ካለ መንገድ ዳር የተለጠፈው መከላከያ መስታወት ዳሳሿን ሸፍኗት ይሆናል፤ ወይ የጉንጭ ቅባት ነው፤ መጥረግ ነው። የጎን ማብሪያውን መጫን ይቻላል የሚሉ አሉ። ልክ ናቸው፤ ነገር ግን በአንዳንድ ስልክ ያው ቁልፍ ጥሪ እንዲዘጋ ተደርጎ የተስተካከለ ነውና ሃያ ደቂቃ የተጠበቀው ተራ እዚያው ያበቃል።

ከሁሉ በላይ ክብር የሚገባው ግን ባለ ኪቦርድ ስማርት ስልክ የያዘው ሹም ነው። ሁሉም መስታወት ሲያሻሽ እሱ ብላክቤሪ ቦልዱን ከኮቱ ኪስ መዘዝ ያደርጋል። ቁልፎቹ የእንግሊዝኛ ፊደላት ናቸው፤ ቁጥሮቹ በየፊደሉ ጥግ ተጽፈዋል። 1፣ 2፣ 3 በደብልዩ፣ በኢ፣ በአር፤ 4፣ 5፣ 6 በኤስ፣ በዲ፣ በኤፍ፤ 7፣ 8፣ 9 በዜድ፣ በኤክስ፣ በሲ። ኮከቧ ኤ ላይ፣ መሰላሏ ኪው ላይ ናት፤ ዜሮ ለብቻዋ ታች አለች። ሹሙ አንድ ነገር ያውቃል፦ «ያለ አልት ቁጥር አይወጣም»። መልእክት ሲጻፍ እውነት ነው። ስልክ ሲደወል ግን ነገሩ ይገለበጣል። እዚያ ኤ ብቻዋን ስትነካ ኮከብ ናት፤ አልት ከተያዘ ፊደል ትሆናለች፣ ፊደሏም በተራ ስልክ ላይ የምትገኝበትን ቁጥር ትደውላለች። ሹሙ አልትን ጠበቅ አድርጎ ኮከብ ይላል፤ 2 ይሄዳል። መሰላል ይላል፤ 7 ይሄዳል። ማሽኗ «ምርጫዎ ትክክል አይደለም» ስትለው «ሲስተሙ ለዚህ ስልክ አልደረሰም» ብሎ ያስረዳናል። የብላክቤሪ ኩባንያ ራሱ ከታኅሣሥ 26 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ በቀድሞው ሲስተም የሚሠሩት ስልኮች መደወላቸውም መልእክት መላካቸውም አስተማማኝ እንደማይሆን ማሳወቁን ለሹሙ የሚነግር ደፋር እስካሁን አልተገኘም።

የውስጥ መስመር ያለበት ቢሮ ሲደወል ቁጥሩን ከነውስጥ መስመሩ መዝግቦ መያዝም ይቻላል። በአይፎን ኮከቧን ተጭኖ ሲይዙ ኮማ፣ መሰላሏን ሲይዙ ነጠላ ሰረዝ ከነጥብ ጋር ትወጣለች፤ በአንድሮይድ በሦስቱ ነጥቦች ዝርዝር ውስጥ አሉ። ኮማ ለሁለት ሰከንድ ያህል ትጠብቅና የውስጥ መስመሩን ራሷ ትልካለች፤ ሁለተኛዋ እስክንፈቅድላት ትቆማለች። ይህን የሚያደርግ ሰው ግን ከጸሐፊዋ ጋር ሰላምታ የመለዋወጥ ዕድሉ ያመልጠዋል።

ቀሪ ሒሳብ አያያችንስ? አዲስ አበባ ካለ የአጎት ልጅ ጋር እየተወራ፣ ሒሳቡ ስንት ቀረ የሚል ሐሳብ ይመጣል። ወዲያው በዚያው ጥሪ ውስጥ ገበታው ተከፍቶ *804# ይመታል። የአጎት ልጅ ጆሮ ውስጥ አምስት ጩኸት ይገባል፤ «ምንድነው የሚጮኸው?» ይላል። ሒሳቡ አይመጣም። ፍርዱም ይሰጣል፦ ኔትወርክ የለም። በጥሪ መሃል የሚነካ ኮከብ የሚሄደው መስመሩ ላይ ላለው ሰው ነው፤ ሒሳብ የሚጠይቀው ኮከብ ደግሞ ከጥሪ ውጭ ተጽፎ በመደወያ ቁልፉ የሚላከው ነው። ቸኩያለሁ ያለ «ጥሪ ጨምር» የሚለውን ነክቶ በሚመጣው ገበታ ላይ ይሞክር፤ አንዳንዴ እሱም እንቢ ይላልና ዘግቶ መጠየቁ ይሻላል። ዳታ በሌለበትም ይሠራል፤ ይህ በእኛ አገር ትንሽ ነገር አይደለም።

የደግነቱ ጫፍ ጥሪን ማዋስ ነው። አንድ ትሁት ድምፅ ይደውልና «አባቴ፣ ሽልማት ወጥቶልዎታል፤ ለማረጋገጥ ኮከብ ኮከብ ሃያ አንድ ኮከብ ብለው ይህን ቁጥር ያስገቡ፣ በመሰላል ይዝጉና ይደውሉ» ይላል። አባታችን ዘግተው ያሉትን ያደርጋሉ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ የሚደወልላቸው ሁሉ፣ ስልካቸው ጢጥ ሳይል፣ እዚያኛው ቤት ይጮኻል። ማረጋገጫ ኮድ በድምፅ የሚነግር ጥሪም ቢመጣ የሚሰማው ባለ ሽልማቱ ነው። ጥሪ ወዴት እንደዞረ *#21# ያሳያል፤ ##21# ይመልሰዋል፤ ##002# ደግሞ የዞረውን ሁሉ በአንዴ ያጠፋል።

ትሁቱ ሰው ለእንኳን ደስ ያለዎት መልሶ ሲደውል አባታችን በራሳቸው ስልክ አያገኙትም፤ በልጃቸው ስልክ ነው የተነሣለት። አጠገባቸው ያለ ተማሪ ነገሩ ገብቶት በጆሯቸው «መሰላል መሰላል ሃያ አንድ መሰላል ይበሉ፣ በራስዎ ስልክ፣ ቶሎ!» አላቸው። አባታችን አልዘገዩም። በያዙት በልጃቸው ስልክ፣ ጥሪውን ሳይዘጉ፣ ገበታውን ከፍተው አምስቱንም አንድ በአንድ ተጫኑ።

ከወዲያ በኩል አምስቱ ጩኸት ተሰማ። «ጎሽ አባቴ፣ ደርሶኛል!» አላቸው ትሁቱ ሰው።